ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው ፀጉር ቤት

ልጄን ብቻዬን ነው ያሳደግኩት። 15 ዓመት ሲሞላው ጢሙ አቆጠቆጠ፣ ወሬው ደግሞ ቀነሰ። ጓደኛ የለውም፤ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ስልኩ ነው። እኔ ስለ ጢም ምን አውቃለሁ? ወደዚህች ፀጉር ቤት ወሰድኩት።

ባለቤቱ አይቸኩልም። ቶንዶሱን በአልኮል ጠረገና «አንተስ እንዴት ይሁን ትላለህ?» ብሎ ልጁን ጠየቀው። ወደኔ አልዞረም፤ ይሄ ደስ አለኝ። «ምላጭ አሁን ይቅርብህ» አለው። ከርዳዳ ፀጉር ከሥሩ ሲላጭ ተጠምዝዞ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ አንገት ላይም እብጠት ያወጣል። በቶንዶስ ትንሽ አስቀርቶ ማሳጠር ይሻላል። መላጨት ካማረህም ፀጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ነው ብሎ በጣቱ አሳየው።

ቅሬታ? ቅዳሜ ወረፋው አይጣል ነው፣ ቴሌቪዥኑም ይጮኻል። ግን እዚያው ወረፋ ላይ ልጄ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ስለ አርሰናል ሲከራከር ሰማሁት። ቤት ውስጥ እኮ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» ሌላ አይወጣውም! አሁን «እማዬ፣ አንቺ አትምጪ» ብሎ ብቻውን ይሄዳል።

ዋጋዋ ከሰፈሩ ትንሽ ወደድ ይላል፤ እኔ ግን አልከራከርም። ከሄዳችሁ ከቅዳሜ ይልቅ በሥራ ቀን ሂዱ።