«ሙሉ የለገሃር ጣቢያ» እየተባለ ጅማ ውስጥ የሚሸጠውን ሣጥን ከመግዛታችሁ በፊት

ጅማ ላይ የሕንፃ ሞዴል የምትሠሩ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የአርክቴክቸር ተማሪዎችም ሁኑ ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ የሞዴል ባቡር የምትዘረጉ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በቴሌግራምም በእጅም እየዞረ የሚሸጥ አንድ የሞዴል መሥሪያ ሣጥን አለ። ክዳኑ ላይ የለገሃር፣ የአዲስ አበባው የድሮ ባቡር ጣቢያ፣ ፎቶ ተለጥፎ ከሥሩ «1:87፣ ሙሉ ዕቃ፣ 60 ቁራጭ» ይላል። ክፍያው በቅድሚያ ነው፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይላካል፣ አንዴ ከተከፈተ አይመለስም። የሻጩን ስም አንጠራም፤ ሣጥኑ ከአንድ በላይ ሰው እጅ ላይ ስላለ ስም ቢቀየርም ዕቃው ያው ነው። ዋጋውንም አንጽፍም፣ ዛሬ የተባለው ነገ ሌላ ነው።

ባቡር ደርሶባት በማታውቅ ከተማ የባቡር ጣቢያ መሸጥ ነውር የለበትም። ነውሩ ልኩ ላይ ነው።

1:87 ማለት እውነተኛውን ቁመት በሚሊ ሜትር ጽፎ ለ87 ማካፈል ነው። 2 ሜትር ከ10 የሆነ በር 24 ሚሊ ይሆናል፣ 90 ሳንቲ ስፋቱ 10 ሚሊ ከምናምን፣ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ደግሞ 19 ሚሊ ተኩል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዋናው በር 29 ሚሊ ነው። ይህ የ1:72 በር ነው። የጎን በሮቹ 21 ሚሊ ናቸው፣ የ1:100። መንገደኛ ተብለው የገቡት ሰዎች 17 ሚሊ ሆነው ተገኝተዋል፣ እነሱም የ1:100 ናቸው። ሁሉንም በ1:87 ብታነቡት ዋናው በር 2 ሜትር ከ52፣ የጎኑ በር 1 ሜትር ከ83፣ ሰዎቹ 1 ሜትር ከ48 ይሆናሉ። አንዱ በር ለግዙፍ ሰው፣ ሌላው ጎንበስ ብለው የሚገቡበት፣ መንገደኞቹ ደግሞ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች። ቀለም ብትቀቡት፣ ብታስጌጡት ይህ አይስተካከልም። ዓይን ምን እንደጎደለ ባያውቅም አንድ ነገር እንዳልተዋጠለት ያውቃል።

ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም። 1:100 የአርክቴክቶች ስኬል ስለሆነ ትንንሽ ሰዎቹና በሮቹ በብዛት የሚገኙት በሱ ነው። 1:72 የፕላስቲክ አውሮፕላንና ወታደር የሚገጣጥሙ ሰዎች ስኬል ነው። ሻጩ ከሁለቱም የተረፈውን አንድ ላይ ጨምሮ ክዳኑ ላይ ሦስተኛ ቁጥር ጻፈበት።

ሐዲዱ ደግሞ የባሰ ነው። አብሮ የሚመጣው ቁራጭ ሐዲድ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 16.5 ሚሊ ስፋት አለው። በ1:87 ይህ 1435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሚጠቀምበት ማለት ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ለገሃር ግን የድሮው መስመር ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ያ ባቡር የሚሄደው አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ስለነበር በ1:87 የሚስማማው 12 ሚሊ ስፋት ያለው ሐዲድ ነው። የለገሃርን ጣቢያ በ16.5 ሐዲድ ፊት ማቆም የድሮውን ቤት በአዲሱ ባቡር ጎን እንደመሥራት ነው። አውቃችሁ ካደረጋችሁት መልካም፣ ሳታውቁ ተሽጦላችሁ ከሆነ ግን ተታላችኋል።

ወደ ቁሳቁሱ እንምጣ።

«ባልሳ» የተባለው እንጨት ባልሳ አይደለም። ጥፍራችሁን ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ባልሳ ወዲያው ይሰረጉዳል፣ ይሄ አይነካም። ሚዛን የምታገኙ ከሆነ 1 ሜትር በ10 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ የባልሳ ሉህ ከ20 እስከ 50 ግራም ቢመዝን ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ ሌላ እንጨት ገዝታችኋል። ሌላ እንጨት መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ የዚህኛው የእንጨት መስመር ሻካራ መሆኑ ነው፤ በ1:87 አንድ ሚሊ ሜትር መስመር 9 ሳንቲ ስንጥቅ መስሎ ይታያል።

«ስታይሪን» የተባለው ነጭ ፕላስቲክ አረፋ የተነፋ ፒቪሲ ነው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራበት። ጥፍር የምታክል ቁራጭ ሳሙና ባለበት ውኃ ውስጥ ጨምሩ። እውነተኛ ድፍን ስታይሪን ይሰምጣል፣ አረፋው ይንሳፈፋል። ልዩነቱ ለምን ያስጨንቃል? ስታይሪን በከተር አንዴ ጭረት አድርጋችሁ ብታጥፉት ቀጥ ብሎ ይሰበራል፣ በማሟሟያ ሙጫም ተቀላቅሎ አንድ አካል ይሆናል። አረፋው ፒቪሲ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ቀጭን የመስኮት ፍሬም አይወጣለትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፒቪሲን ይዛችሁ ሌዘር መቁረጫ ቤት አትሂዱ። ሲቃጠል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። «ስታይሪን ነው» ብላችሁ ለማሽን ኦፕሬተሩ ብትነግሩት ጥፋቱ የናንተ ይሆናል።

የጡብ ወረቀቱ ቀለም በምራቅ የረጠበ ጣት ሲነካው ይለቃል። በኢንክጄት፣ ማለትም በፈሳሽ ቀለም ፕሪንተር፣ የታተመ ነው። በጅማ ክረምት፣ ያውም ከውኃ ጋር ከሚሠራ ኮላ ጋር፣ አንድ ሳምንት አይቆይም። ከዚያ በፊት ግን ልኩን እዩት፤ አንዱ ጡብ 6 ሚሊ ርዝመት አለው፣ ይህም በእውነት ከግማሽ ሜትር በላይ ነው። 40 በ20 ሳንቲ የሆነው የኛው ብሎኬት በ1:87 ወደ 4.6 በ2.3 ሚሊ ነው የሚመጣው። ጡብ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ መስመሩን ሥላችሁ በሌዘር ፕሪንተር ብታሳትሙ ልኩም ይመጣል፣ ቀለሙም አይለቅም።

አብሮ የሚመጣው ሙጫ ማስቲሽ ነው፣ ፎም ቦርዱ ደግሞ ውስጡ ፖሊስታይሪን አረፋ ነው። ሁለቱን አንድ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አንዴም ሠርቶ አይቶ አያውቅም። የማስቲሹ ማሟሟያ አረፋውን ይበላዋል፤ ወረቀቱ ላዩ ላይ ይቀራል፣ ውስጡ ጎድጓዳ ይሆናል። ሱፐር ግሉም፣ ቆርቆሮ ስፕሬይ ቀለምም እንዲሁ ያደርጋሉ። ፎም ቦርድ የሚወደው የእንጨት ኮላ ነው።

መብራቱን ሳንነግራችሁ ብናልፍ ደስ ባይለንም አጭር ነው፤ ነጭ ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ለ12 ቮልት ተብሎ ገብቷል። እንዳገናኛችሁት ይቃጠላል። 470 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ግጠሙለት። የማታ ቤት የሚመስል ለስለስ ያለ ብርሃን ከፈለጋችሁ 1 ኪሎ ኦም ይሻላል። ስልክ ጥገና ቤት ጠይቁ።

«60 ቁራጭ» የሚለው ደግሞ ቁጥር ለማብዛት ነው። ውስጡ 10 የኤ4 ፎም ቦርድ አለ። እንቁጠረው። 14 በ6 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 3 ሜትር ተኩል የሆነ ትንሽ ጣቢያ በ1:87 ርዝመቱ 161፣ ስፋቱ 69፣ ከፍታው 40 ሚሊ ነው። አራቱ ግድግዳዎች 184 ካሬ ሳንቲ ሜትር ናቸው፣ በሁለት ንብርብር ቢሠሩ 368። ወለሉ 111። በ30 ዲግሪ የተጋደመ፣ ክንፉ 60 ሳንቲ የወጣ ጣሪያ ወደ 164። ሁሉም ተደምሮ 643 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ኤ4 ደግሞ 624 አካባቢ ነው። የሚባክነውን ጨምሩበት፣ ሁለት ፎም ቦርድ ይበቃል። የቀረው ስምንቱ ሣጥኑን ከባድ ለማድረግ የገባ ነው።

ጅማ ላይ ካርቶን ለምን እንደሚጣመም ማወቅ ገንዘባችሁን ያድናል። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ያውም ከቃጫው አቅጣጫ ይልቅ በቃጫው ላይ በመስቀል። ኮላ በአንድ ገጽ ብቻ ከቀባችሁ ያ ገጽ ሲደርቅ ይሰበሰብና ግድግዳው እንደ ሳህን ይጎብጣል። ስለዚህ ሦስት ቀጭን ካርቶን፣ የመካከለኛው ቃጫ የሁለቱን ውጪኞች ተሻግሮ እንዲያልፍ አድርጋችሁ አጣብቁ፣ ሁለቱንም የውጭ ገጽ በእኩል ቫርኒሽ ወይም በቀጠነ ኮላ ቀቡ፣ ከዚያ በጠፍጣፋ መስታወትና በመጽሐፍ ክብደት ሥር ሌሊቱን አሳድሩ። በየማዕዘኑ ውስጥ 5 በ5 ሚሊ እንጨት ግጠሙ። ጥግ ሲጣበቅ ማዕዘኑን በስኳድራ እንጂ በዓይን አትመኑ፤ ግድግዳ ላይ አንድ ሚሊ የሳተ ስህተት ጣሪያ ላይ ሲደርስ ክዳኑ አልገጥም ይላል። ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጠርዙ ግን እርጥበት ካገኘ ያብጣል፤ ጠርዙን መጀመሪያ በኮላ ዝጉት። የ3 ሚሊ ኤምዲኤፍ ለድንጋይ ግድግዳ ይሆናል (26 ሳንቲ ይመጣል)። ሣጥኑ ግን መስኮቱንም በ3 ሚሊ ኤምዲኤፍ ቆርጦ ልኳል። 26 ሳንቲ ውፍረት ያለው የመስኮት ፍሬም ያየ ይነሣ።

ጣሪያው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ሞዴሉን የሚያድነውም የሚገድለውም እሱ ነውና። ሣጥኑ ለቆርቆሮ ብሎ የላከው የካርቶን ማሸጊያ ውስጠኛ ሞገድ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሚሊ የሆነ ሞገድ በእውነት 35 ሳንቲ ነው፤ እንዲህ ያለ የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ የለም። የተለመደው ቆርቆሮ ሞገዱ 7 ሳንቲ ተኩል ገደማ ስለሆነ 0.86 ሚሊ ገደማ ያስፈልጋችኋል። ለዚህ ደግሞ ኤም5 (5 ሚሊ ውፍረት ያለው) ቡሎን ይበቃል፤ ጥርሱ 0.8 ሚሊ ርቀት አለው። ኤም6 ከሆነ 1 ሚሊ ነው፣ እሱም ያስኬዳል። ወፍራም የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ለስላሳ ላስቲክ ወይም እጥፍ ጨርቅ ላይ አንጥፉ፣ ሙሉውን ጥርስ ያለውን ቡሎን አጋድማችሁ በእጅ መዳፍ ጫን እያላችሁ አንከባልሉ። መስመሮቹ በ3 ዲግሪ ያህል ዘመም ብለው ይወጣሉ፣ የጥርሱ ጠመዝማዛ ነው። አትደንግጡ፤ ፎይሉን ስትቆርጡ ከመስመሩ ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡ እንጂ ከፎይሉ ጠርዝ ጋር አይሁን። ሁለት ሜትር ቆርቆሮ 23 ሚሊ ይሆናል። አንዱን በሌላው ላይ 2 ሚሊ ያህል እየደረባችሁ፣ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ለጥፉ። በአንድ ረጅም ሉህ ጣሪያውን የሸፈነ ሰው ቆርቆሮ አልሠራም። ዝገቱን ቡናማና ብርቱካናማ ቀለም ደርቆ ባለቀ ብሩሽ፣ በተለይ በመደራረቢያውና በሚስማሩ መስመር ላይ ነካ ነካ ማድረግ ነው።

የቀረው በየቤቱ አለ። የጥርስ እንጨት 2 ሚሊ ነው፣ በ1:87 17 ሳንቲ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይሆናል። መስኮት የሸሚዝ ማሸጊያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው፤ በእንጨት ኮላ አጣብቁት፣ ሱፐር ግሉ በሚያወጣው ጢስ ያደበዝዘዋል። ሣርና አፈር ከአናጢ ቤት የሚወስዱት ሰጋቱራ ነው፣ በወንፊት ነፍታችሁ በአረንጓዴ ቀለም ነክራችሁ አድርቁት። በርጩማ የሚጠርብ ከተማ ውስጥ ሆኖ እንጨት ከሣጥን መግዛት ራሱ ይገርማል።

ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው። በሩንና አንዱን ሰው ከማስመሪያ ጎን አስቀምጦ ከላይ ቀጥ አድርጎ ፎቶ እንዲልክ። በሩ 24፣ ሰውየው 19 ተኩል ካልሆነ፣ ወይም «ፎቶ አያስፈልግም፣ እመኑኝ» ካለ፣ ተዉት። ከውጭ አገር የተወሰደ ያለቀ ሞዴል ፎቶም አትቀበሉ፤ ሣጥኑ ውስጥ ካለው ጋር አይገናኝም።

የገዛችሁም ካላችሁ ሁሉንም አትጣሉት። ፎም ቦርዱ ለሌላ ሥራ ይሆናል፣ 3 ሚሊ ኤምዲኤፉ ለመሬት ሰሌዳ፣ ኤልኢዲው በሬዚስተር ይሠራል፣ ማስቲሹን ለጫማ አስቀምጡት። 17 ሚሊዎቹን ሰዎች ለ1:100 የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ለሚሠራ ተማሪ ስጡ። 29 ሚሊውን በር ከላይ 5 ሚሊ ቆርጣችሁ፣ ስፋቱንም ወደ 10 አምጥታችሁ ተጠቀሙበት። ሐዲዱን ግን የድሮውን ለገሃር ለመሥራት ከፈለጋችሁ ለሌላ ሰው አስተላልፉትና 12 ሚሊ ፈልጉ።