ቨርቹዋል ዴስክቶፕ የሚሠራ ሰው ለምትፈልጉ

የቢሯችንን ኮምፒውተሮች ወደ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ (ፕሮግራሙ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ እኛ በስክሪናችን የምንጠቀምበት አሠራር) ያዞረልንን ልጅ ሳላመሰግነው ማለፍ አልፈልግም። እንዲህ ያለ ባለሙያ የሚፈልግ ብዙ ሰው እንዳለም አውቃለሁ።

ማሽኖቻችን አርጅተዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ የእኛዎቹ የላቸውም። ሁሉንም በአዲስ መተካት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ሥራው ሰርቨር (ሁላችንም የምንጋራው ዋና ኮምፒውተር) ላይ ይሁን፣ አሮጌዎቹ ስክሪንና ኪቦርድ ሆነው ያገልግሉ ተባለ።

በፊት ያነጋገርነው ድርጅት ቢሮውን እንኳ ሳያይ ዋጋ ላከልን፤ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ማሽን። ይሄ ልጅ ግን ስለ ሰርቨር ከማውራቱ በፊት ወንበር ስቦ ሒሳብ ሠራተኛችን አጠገብ ቁጭ አለ። የትኛውን ፕሮግራም ከየትኛው ጋር እንደምትከፍት፣ ኤክሴሏ ምን ስትነካ እንደሚንቀራፈፍ፣ የትኛው ወረቀት በየትኛው ፕሪንተር እንደሚወጣ እያየ ይጽፋል። እንዲህ እያለ ሁሉንም ክፍል ዞረ።

ከዚያ ያመጣው ሐሳብ ከጠበቅነው የቀለለ ነው። ደብዳቤና ኢሜይል ላይ የሚውሉት አንድ ሰርቨር ይጋራሉ፣ እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ይገባል። ሒሳብ ክፍል የራሱ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ ውስጥ ለብቻው የተከፈለ ኮምፒውተር፣ ተሰጠው። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ቀለል ያለ ሊኑክስ ጫነባቸው። ዲዛይነራችንን ግን «አንተ ባለህበት ቆይ» አለው፤ ከባድ ግራፊክስ ለሚሠራ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለው ማሽን ይሻለዋል ብሎ። ሊሸጥልን የሚችለውን ራሱ ሲቀንስ ሳይ ነው ልቤ የረጋው።

ገንዘባችሁን ፕሮሰሰር ላይ ብቻ አትጨርሱ፣ ጥሩ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ግዙ ብሎን ነበር። ጠዋት ሁሉም ሰው በአንዴ ሲገባ ዲስኩ ይጨናነቃል። ሥራ በጀመርንበት ሰኞ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶ ጠበቀን። ሰው በገባ ቁጥር ዓይኑ የሰርቨሩን ጫና የሚያሳየው ግራፍ ላይ ነው። ማንም አልጮኸም። ለእኛ ቢሮ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራ አስኪያጃችን ከቤት ሆነው መሥራት ፈልገው፣ አንድ ወዳጃቸው የነገራቸውን ይዘው «3389ን ክፈትልኝና ልገላገል» አሉት። 3389 የሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያው፣ መደበኛ ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለኢንተርኔት ክፍት አድርጌው አልሄድም» አላቸው። ያንን ፖርት እያሰሱ ቀን ከሌት ፓስወርድ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች አሉ። በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) እና ስልካቸው ላይ በሚመጣ ኮድ እንዲገቡ አደረገ። ትንሽ አኮረፉ፤ አሁን ለምደውታል።

ላይሰንስ (ፕሮግራሙን የመጠቀሚያ ፈቃድ) ላይም ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት ለሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨር ያለ ላይሰንስ የሚሠራበት የ120 ቀን የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል። ያንን ተማምኖ አስረክቦ የሚሄድ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ጊዜው ሲያልቅ ሰው መግባት ያቅተዋል። የእኛው ልጅ የላይሰንሱን ዋጋ ገና ከመጀመሪያው ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ አሳየን። ዋጋው ያስደነግጣል፣ አልዋሽም።

ሲያስረክበን አንድ የሙከራ ማሽን ፊታችን አጠፋና ከባክአፕ መለሰው። ፓስወርዶቹንና የአሠራሩን ንድፍ በወረቀት ሰጠን። ሰርቨሩ ከወደቀ ሁላችሁም አብራችሁ ትቆማላችሁ ብሎ ሳይደብቅ ነግሮናል፤ ሁለተኛ ሰርቨር ለመግዛት እያሰብን ነው።

እንከን የለውም አልልም። አንዱ ፕሪንተር አሁንም አልፎ አልፎ ያምፃል። የቪዲዮ ስብሰባ በቨርቹዋሉ ውስጥ ስለሚቆራረጥ በስልካችን ነው የምንገባው። ልጁም ስልክ ቶሎ አያነሳም፤ ቴክስት ብትልኩለት ይሻላል፣ ይመልሳል። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል።