እየተሳበ የሚረዝም የአሉሚኒየም መሰላል፦ የ14 ወር ልምዴ

ባለፈው ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አባቴ የእንጨት መሰላላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት እርከን ወጡ። ትንሽ ቆሙና ተመልሰው ወረዱ። ምንም አልሆኑም። «ከዚህ በኋላ አንቺ ውጪ» አሉኝ። 71 ዓመታቸው ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የዚህን አሮጌ ቤት አሸንዳ ሲጠርጉና መስኮቶቹን ሲቀቡ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ይህንን መሰላል የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው።

የእንጨቱን መሰላል እንዳልወርስ ያደረገኝ ቀለሙ ነው። የተቀባ የእንጨት መሰላል ስንጥቁን ይሸፍናል። ከሦስተኛው እርከን አጠገብ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ጣቴን የሚይዝ ስንጥቅ ወጣ። እዚያ ላይ ስንት ዓመት እንደቆሙ ሳስብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

አዲሱ መሰላል 13 እርከን አለው። ሲሳብ 3.8 ሜትር ይደርሳል፣ ሲታጠፍ 90 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ክብደቱ 13 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ብቻዬን አንስቼ ከደረጃው ስር አስቀምጠዋለሁ። የሚሸከመው እስከ 150 ኪሎ ነው፤ ይህ ግን የሰውዬውን ብቻ ሳይሆን የያዘውን ባልዲና መሣሪያም ይጨምራል። ከታች ሰፊ የእግር ማገር አለው። ኢኤን 131 የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝሙ ተደጋፊ መሰላሎች እንዲህ ያለ ሰፊ እግር እንዲኖራቸው ይጠይቃል። እናንተም ስትገዙ መጀመሪያ እግሩን እዩ።

የመጀመሪያው ሥራዬ አሸንዳው ነበር። በአሮጌ ቤት አሸንዳ ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና ከጣሪያው ጠርዝ ስር ያለውን እንጨት ያበሰብሳል፤ ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ መሠረቱ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ሁለቴ እጠርጋለሁ፤ አንዴ በወቅቱ አጋማሽ፣ አንዴ የመጨረሻው ቅጠል ከወደቀ በኋላ። ቀጥዬ በጎማ ውሃ እለቅበታለሁ። ከታች በመውረጃው ቱቦ ቶሎ ካልወጣ ቱቦው ውስጥ የቆመ ነገር አለ ማለት ነው።

አቋቋሙን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ለ4 ከፍታ 1 ርቀት። የእኛ ጣሪያ ጠርዝ 2.8 ሜትር ስለሆነ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 70 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። አሸንዳው ላይ ግን በፍጹም አላስደግፈውም፣ ይጎብጣል። ከግድግዳው አራቆ የሚያቆም መደገፊያ ገዝቼ ነበር። እዚህ ላይ ተናደድኩ። መሰላሉ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ መደገፊያው አልገጠመም፤ ለዚሁ ዓይነት የተሠራ ሌላ መፈለግ ነበረብኝ። መሰላሉን የሸጠልኝ ሰው ይህን ቢነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላው ሥራ የልጄ መስኮት ነበር። ትልቋ ልጄ በዚያ ወቅት ለትምህርት ከቤት ልትወጣ ነው። 18 ዓመት ሙሉ የተኛችው ንፋስ ሲነሳ የሚያፏጭ መስኮት ስር ነው። ከመሄዷ በፊት የደረቀውን ማሸጊያ ከውጭ አስወግጄ በአዲስ ሞላሁት። የተጠቀምኩበት ማሸጊያ ከ5 ዲግሪ በታች በደንብ ስለማይዝ ከብርዱ ጋር ተሽቀዳድሜ ነው የጨረስኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ስትመጣ ጠዋት ተነስታ «እማዬ፣ መስኮቴን ምን አደረግሽው? ፉጨቱ የለም» አለችኝ። ደስ ብሏት ይሁን ቅር ብሏት አልገባኝም። እኔ ግን ሆዴ ባባ።

አሁን ወደ ችግሩ። እያንዳንዱ እርከን በግራና በቀኝ የሚቆለፍ ፒን አለው። ሁለቱም «ቀጭ» ማለት አለባቸው። በዘጠነኛው ወር አንዱ ዘግይቶ መያዝ ጀመረ። ምክንያቱ ቱቦው ውስጥ የገባ ደቃቅ አሸዋ ነበር። በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ አስተካከልኩት። ዘይት አልቀባሁትም፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ከዚያ ወዲህ ከመውጣቴ በፊት 12ቱንም መገጣጠሚያ አንድ በአንድ በዓይኔም በእጄም አያለሁ። ይህን ለማድረግ ትዕግስት የሌለው ሰው ተራ መሰላል ቢገዛ ይሻለዋል።

ሲታጠፍም ክፍሎቹ በድንገት ይወድቃሉ። አየር ይዞ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት አለ፣ የእኔው ግን አይደለም። ጣት ይቆነጥጣል። ዛሬ ብገዛ ያንኛውን ነበር የምወስደው። በተጨማሪ ጣሪያ ላይ ለመውጣት ያጥራል። ወደ ጣሪያ ለመሻገር መሰላሉ ከጠርዙ 1 ሜትር ያህል ማለፍ አለበት፣ የእኔው እዚያ አይደርስም። ጭስ ማውጫውን ለባለሙያ ትቼዋለሁ። የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ቤቱ በሚገባበት ጥግም አላቆመውም፤ አሉሚኒየም ነው።

ዘንድሮ ሁለተኛው የቅጠል ወቅት ደረሰ። ትንሹ ልጄ 14 ሞላው። እስካሁን ከመሰላሉ እናርቀው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አባቴ ጠሩትና ሁለቱንም እጁን የመሰላሉ ቋሚዎች ላይ አስቀመጡለት። «እናትህ እስክትወርድ ዓይንህ ከእግሯ አይነሳ» አሉት። እሳቸው ወንበር አውጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ባልዲው ሦስት ጊዜ ሞላ። ልጁ አንዴም ቀና ብሎ ሌላ ነገር አላየም። ስወርድ አባቴ ከተቀመጡበት በከዘራቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙኝ። መውረጃው ቱቦ አፍ ላይ አንድ እፍኝ ቅጠል ትቼ ነበር።