የደረቀ የፒፓ ትምባሆ ማርጠቢያ፦ የእርጥበት ከረጢት፣ ሸክላ ወይስ የመርፌ ውሃ?

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አየሩ ደረቅ ነው። በዘመድ ሻንጣ የመጣ የፒፓ ትምባሆ ክዳኑ ትንሽ ከላላ በበጋ እንደ ጌሾ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። እንዲህ የሆነ ትምባሆ ቶሎ ይነድዳል፣ ጭሱ ይግላል፣ ምላስም ይለበልባል። ደህናው የፒፓ ትምባሆ ከክብደቱ ከ12 እስከ 15 በመቶው ውሃ ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ፤ የሚመለሰው ውሃው እንጂ ከውሃው ጋር የተነነው ሽታ አይደለም። ቨርጂኒያ የሚባለው ቅጠል ሲረጥብ ጣፋጭነቱ በአብዛኛው ይገኛል። በጭስ የሚታጠነው ላታኪያ ግን ዕድሜ ሲጫነው ሽታው ይሳሳል፤ ምንም ቢያረጥቡት የድሮውን አይሆንም።

በውጭ አገር በብዛት የሚታወቀው ቦቬዳ የተባለው የእርጥበት ከረጢት ነው። ውስጡ የጨው ውሃ አለ፤ ልባሱ እንፋሎት ያስወጣል፣ ሲበዛም መልሶ ይመጥጣል። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚጠብቀውን የአየር እርጥበት በመቶኛ ያሳያል። ለፒፓ 62 ወይም 65 ይበቃል፤ 69 እና 72 ለሲጋር ናቸው። ትምባሆውን ከልክ በላይ አያረጥበውም፣ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ግን የተሠራው ደህናውን ለማቆየት እንጂ የሞተውን ለማስነሳት አይደለም። ባለ 8 ግራሙን ትንሽ ከረጢት 50 ግራም ክው ያለ ትምባሆ ላይ ቢጥሉት ሳምንታት ይፈጅና ራሱ ደርቆ እንደ ብስኩት ይጠነክራል። እዚህ ከተማ ሱቅ ውስጥ አላየሁትም፤ ለሚመጣ ሰው አደራ ማለት ነው።

ሸክላው ቅርብ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት፤ ከውጭ ለሚመጣው ክብ የሸክላ ማርጠቢያ ገንዘብ የሚከፍል ሰው መጀመሪያ እዚያ ጎራ ይበል። የሚፈለገው ያልተሟሸ ነው። ሲሟሽ ቀዳዳዎቹ በዘይት ይደፈናሉና ውሃ አይጠጣም። ሲገዙ አንድ ጠብታ ውሃ ያሳርፉበት፤ ወዲያው ከጠጣው ይውሰዱት፣ ጠብታው ላዩ ላይ ከተንከባለለ ይተዉት። የተሰበረ ጀበና እጄ ላይ አለ የሚሉ ይኖራሉ፤ ትምባሆው ቡና ቡና እንዲል ካልፈለጉ አይሞክሩት። ሸክላውን ለሩብ ሰዓት ነክረው፣ ላዩን በደንብ አድርቀው፣ ቅጠሉን በቀጥታ እንዳይነካ ወረቀት ላይ አድርገው ጠርሙሱ ውስጥ ይክተቱት። ጉዳቱ መጠኑ አለመታወቁ ነው። በየቀኑ ማየት ግድ ይላል፤ ከረሱት ይሻግታል።

እኔ የምመርጠው የመርፌ መበጥበጫ ውሃ ነው። ፋርማሲ ይሸጣል፣ ንጹሕ ነው፣ ማዕድን የለበትም፤ ከአንድ ሲሪንጅ ጋር ዋጋው ከሁሉም የሚቀል ነው። ነዳጅ ማደያ ያለው የባትሪ ውሃም የተጣራ ይባላል፤ ለመኪና እንጂ ለሰው ስላልታሸገ፣ አጠገቡም አሲድ ስለሚደረደር አልገዛውም።

ዋናው ጥቅሙ ግን ልኬቱ ነው። ሳይከፈት የደረቀ 50 ግራም ትምባሆ ቆርቆሮውን ትተው ቅጠሉን ብቻ ሲመዝኑት 46 ካሳየ፣ የጠፋው 4 ግራም፣ ማለትም 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ነው። መጀመሪያ 2 ሚሊ ሊትሩን ብቻ ይጨምሩ። ትምባሆውን ሳህን ላይ ዘርግተው እዚህም እዚያም ያንጠባጥቡ፣ ያገላብጡ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከድነው ያሳድሩት። በማግስቱ ቆንጥረው ጨበጥ አድርገው ይልቀቁት፤ ቀስ ብሎ ከተፍታታ ደርሷል፣ ከተሰባበረ ገና ነው፣ እንደተጨበጠ ከቀረ በዝቷል። ተጀምሮ የተተወ ከሆነና የድሮ ክብደቱ ካልታወቀ ለ25 ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ይጀምሩ። ተጠፍጥፎ የተቆረጠውን ሳይረጥብ አይፈርፍሩት፤ ዱቄት ይሆንብዎታል። ጠርሙሱ የማርማላታ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በርበሬ የነበረበት ክዳን ግን ታጥቦም ሽታው አይለቅም።

ምንም መግዛት ካልፈለጉ፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ እርጥብ ጨርቅ ቅጠሉን ሳይነካ ወጥሮ ለጥቂት ሰዓት ማቆየትም ይሠራል፤ አጠገቡ ሆነው እያገላበጡ ከጠበቁ ለትንሽ መጠን በቂ ነው። የብርቱካን ልጣጭና የድንች ቁራጭ ሻጋታ መጥሪያ ናቸው። የማንቆርቆሪያ እንፋሎት ይፈጥናል፣ የቀረውን ሽታም ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ያለው ሰው ፋርማሲ ይሂድ። ብዙ አከማችቶ የሚያቆይ ደግሞ በሲሪንጅ አስተካክሎ ከረጢቱን ለጥበቃ ያስመጣ፤ ሁለቱ ሲደጋገፉ ነው የሚያምሩት። ሸክላ በየቀኑ ክዳን ለመክፈት ትዕግሥት ላለው ነው። የረጠበውን ለመቅመስ ፒያሳ ካፌ ውስጥ አይቀመጡ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላም መሸጥ አይቻልም። መርጠቡ ጉዳቱን አይቀንሰውም።

በሐምሌና በነሐሴ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ሳህን ላይ ዘርግቶ ማሳደር ብቻውን ሊያለሰልሰው ይችላል፤ የሚያሰጋው ሻጋታ ነው። እንደ ጥጥ የሚመስል ነገር ካዩ ወይም የምድር ቤት ሽታ ከሸተተዎት ያንን ክፍል ብቻ አያንሡ፤ ሙሉውን ጥለው ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ይጠቡ።