ከልጆች ጋር ለመጎብኘት ስቶንሄንጅ ወይስ ኤቭበሪ?

ሁለቱም ጥንታዊ የድንጋይ ክበቦች ሲሆኑ እንግሊዝ ውስጥ፣ ዊልትሸር በተባለ አካባቢ ገጠር ናቸው። በ1986 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ቅርስ ሆነው የተመዘገቡትም አብረው ነው።

ስቶንሄንጅ ስሙ ገናና ነው። በቋሚዎቹ ድንጋዮች ላይ የተጋደሙት አፍ ያስከፍታሉ። ግን መግቢያው ለቤተሰብ ጠንከር ይላል፤ ቲኬቱን ቀደም ብሎ በኢንተርኔት መቁረጥ ይረክሳል። ከመኪና ማቆሚያው ድንጋዮቹ ድረስ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አውቶቡስ ያመላልሳል። ሲደርሱ ደግሞ ገመድ አለ። ልጅ መንካት ይወዳል፤ “ተው! ተመለስ!” ስትሉ ትውላላችሁ።

ኤቭበሪ ሌላ ነው። በዓለም ትልቁ የድንጋይ ክበብ ሲሆን መንደር መሃሉ ገብቶ ተቀምጧል፣ መጠጥ ቤት ሳይቀር። ክበቡን ለማየት ክፍያ የለም፤ የምትከፍሉት ለመኪና ማቆሚያ ነው። ልጆች ድንጋዩን ያቅፋሉ፣ ድብብቆሽ ይጫወታሉ፣ በጎች ያያሉ። በጠጥ ስለማይጠፋ ነጭ ጫማ አታልብሷቸው። ክበቡን የመኪና መንገድ ስለሚያቋርጠው ትንንሾቹን እጃቸውን ያዙ።

ድንጋዮቹ እንደ ስቶንሄንጅ የተጠረቡ አይደሉም፤ ለፎቶም ያን ያህል አይደሉም። እኔ ግን ትንንሽ ልጆች ላሉት ኤቭበሪን ነው የምመርጠው። ስቶንሄንጅን ከኤ303 መንገድ ላይ በመኪና መስኮት ማየት ይቻላል፣ ያውም በነፃ። መንገዱ ስለሚጨናነቅ በደንብ ታዩታላችሁ።