ለፒያሳዋ ልጅ፦ እማዬ ፓስፖርቷን ያዘች!

ጎንደሬዎች፣ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። እማዬ ከትናንት ወዲያ ፓስፖርቷን በእጇ ያዘች። ስንት ወር የተንከራተትንበት ነገር አልቆ ቤታችን ሰላም ሆኗል። ምስጋናው ፒያሳ የፓስፖርት ቅጽ ለምትሞላ አንዲት ልጅ ነው።

ካናዳ ያለችው እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። «እማዬ መጥታ ታርሰኝ» ብላ የግብዣ ደብዳቤ ላከች። እማዬ ደግሞ ከጎንደር ርቃ ሄደች ከተባለ ባሕር ዳር ነው፤ እሱም ለልቅሶ።

መጀመሪያ ቅጽ ወደሚሞላ አንድ ቤት ሄድን። የት እንደሆነ አልናገርም። ልጁ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ እያወራ ነው የሚሞላው። የትውልድ ቀን ሲጠይቅ እማዬ «ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል፣ 1948» አለች። ቀና እንኳ ሳይል «እዚህ ጳጉሜን የሚባል ወር የለም» አለና መስከረም 3 አደረገው። ዓመቱ ላይ 7 ደመረ፣ አለቀ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም። ምን አውቄ!

የቀጠሯችን ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ቅጹ ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር አይገናኝም ተብለን ተመለስን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ያን ሁሉ ሰዓት ቆማ አንድም አላማረረችም፤ ቤት ስንገባ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች። እኔን ያቃጠለኝ ያ ነው።

ከዚያ ደግሞ «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ደላላ ገጠመን። ብሩን ተቀበለ፣ ስልኩን ዘጋ። ስንት ብር እንደሆነ አልጽፍም፤ ባለቤቴም ይህን ታነባለች።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ናት ወደ ፒያሳዋ ልጅ የላከችን። ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት ዱካ። ልጅቷ ስሜን እንዳትጽፍ ብላ ለምናኛለች። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ከፈለጋችሁ እኔው ራሴ አደርሳችኋለሁ።

እማዬ «ጳጉሜን 3» ስትላት ሳቀች። «ውይ ሩፋኤል! የጠበል ዝናብ ልጅ ነዎታ፣ እማማ» አለቻት። ከዚያ በወረቀት አሰላችው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ 7፣ ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው የሚደመረው። ስለዚህ የእማዬ ልደት በእነሱ ሴፕቴምበር 8፣ 1956 ነው። «ያ ሰውዬ በአንድ ዓመት አስረጅቶዎታል» ስትላት እማዬ በጣም ተናደደች። በሰልፉም፣ በጠፋው ብርም እንዲህ አልተናደደችም።

ቀጥላ የእህቴን ደብዳቤ አሳዩኝ አለች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ለካ የአያቴ ስም በ«ጸ» ስለሚጀምር እህቴ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ጽፋዋለች፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ሌላ ዓይነት ነው። አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ። እኔ መቶ ጊዜ ሳየው አልታየኝም። «ቪዛ ላይ ጣጣ እንዳይሆን ደብዳቤውን እንደ ሰርተፍኬቱ አስተካክላ ትላክ» አለችን። ሌላም ምን ምን እንደነካካች አላውቅም፤ ኮምፒውተር ላይ እኔ ታይቼ አልታወቅም።

ግን እኔ የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። ሞልታ ስትጨርስ ከወንበሯ ተነሳች። ዱካውን ስባ እማዬ አጠገብ ተቀመጠች። የወጣውን ወረቀት እጇ ላይ አድርጋ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እያሳየች አነበበችላት። «ይሄ የእርስዎ ስም ነው። ይሄ የአባትዎ። ይሄ የአያትዎ። ልክ ነው እማማ?» ኋላ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። አልቸኮለችም። እማዬ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች፤ የእንግሊዝኛውን ግን ማንም እንዲህ ብሎ አሳይቷት አያውቅም። አባቷ ስም ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። «አባ ካናዳ ሊሄድ ነው በለኛ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

በቀጠሯችን ዋዜማ ማታም ልጅቷ ደወለች። «እማማ ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው፣ ጣታቸው ሊያስቸግር ይችላል፣ እጃቸውን ታጥበው ቫዝሊን ይቀቡ» አለች። እማዬ «ሙሽራ አደረገችኝ እኮ» እያለች ተቀባች። አሻራው በመጀመሪያው ያዘ። አሁንም ለጎረቤት የምታወራው ይህንን ነው።

ሒሳብ ስጠይቃት የኮፒና የጽሕፈት ብቻ ነገረችኝ። ጨምሬ ስሰጣት መለሰችው። እማዬ «ወልደሽ ሳሚ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ መረቀቻት፤ እሱን ብቻ ተቀበለች።

ፓስፖርቱ ሲመጣም ወስደን አሳየናት። የላስቲክ ሽፋን አለበሰችው። እንዳይረጥብ፣ እንዳይታጠፍ፣ ላሚኔት እንዳታስደርጉት፣ ኦሪጅናሉን ለደላላ እንዳትሰጡ አለች። ብዙ አገር 6 ወር ያልቀረውን ፓስፖርት አይቀበልምና ቀኑን ጻፉት ብላናለች። እባካችሁ፣ ፓስፖርት የምታወጡ ሰዎች፣ በተለይ እናትና አባት ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እሷ ጋ ሂዱ። እንደኛ አትንገላቱ። እሷ ጋ ሂዱ!

እማዬ ምክሩን ትንሽ አጥብቃዋለች። ፓስፖርቱን በነጠላ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ነው። ለቪዛው ኮፒ ላደርገው ብላት «ስንት ገጽ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። አንድ ገጽ ብቻ ነው ብዬ ስምል «እንግዲያው አብሬህ እሄዳለሁ» አለች። ነገ ሁለታችንም ፒያሳ ነን።