ቬኒስ ላይ የት ማደር ይሻላል? የሰፈሮች ንጽጽር

በኢንተርኔት የቬኒስ ማረፊያ ሲፈለግ ከፊት የሚመጣው ርካሽ ሆቴል አድራሻው «ቬኒስ» ይላል፤ ቦታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜስትሬ ነው። ሜስትሬ በአስተዳደር የቬኒስ አካል ቢሆንም በየብስ ላይ ያለ፣ መኪና የሚርመሰመስበት ተራ ከተማ ነው። ከዚያ በውሃ መካከል ወዳለችው አሮጌዋ ቬኒስ ባቡር በአሥር ደቂቃ ገደማ ያደርሳል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ያረፍኩት እዚያ ነበር። ገንዘብ ቆጥቤያለሁ፤ ነገር ግን ከተማዋ እጅግ የምታምርበትን ሰዓት፣ ምሽቱንም ማለዳውንም፣ ባቡር ስጠብቅ አሳለፍኩት።

አሮጌዋ ከተማ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ 50,000 አይሞላም። ቀን ቀን መተላለፊያ የሚያሳጣው ጎብኚ አመሻሹ ላይ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሰው ኮቴና ጀልባ ከግድግዳ ጋር ሲነካካ ነው። ለሁለት ሌሊት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም፣ ዋጋውም ትንሽ ቢከብድ፣ ውስጥ እደሩ። ሜስትሬ የሚያዋጣው አራትና አምስት ሆኖ ለሚጓዝ ቤተሰብ፣ ወይም በመኪና ለሚመጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በተወሰኑ ቀናት የሚጠየቀው የቀን ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ በከተማዋም ሆነ በሜስትሬ የሚያድረውን አይመለከትም፤ ነፃ መሆኑን ግን አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት። በአቅራቢያዋ ባለችው ፓዶቫ ከተማ አድሮ ለቀን የሚመጣ ሰው ይከፍላል።

ሰፈር ከመምረጣችሁ በፊት ስለ ድልድዮቹ አስቡ። ከተማዋ ከ400 በላይ ድልድዮች አሏት፤ አብዛኞቹ ባለ ደረጃ ናቸው። መኪናም ብስክሌትም ስለሌለ ሻንጣውን የምትሸከሙት ራሳችሁ ናችሁ። ስለዚህ ለአከራዩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከቅርቡ የጀልባ ማቆሚያ እስከ በራችሁ ስንት ድልድይ አለ?» የሚል ይሁን። ሁለተኛው አድራሻውን ይመለከታል። እዚህ የቤት ቁጥር የሚሰጠው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ስለሆነ ቁጥሩ እየጨመረ ሺዎች ይደርሳል። የሰፈር ስምና ቁጥር ብቻ ይዞ በሌሊት ቤት መፈለግ አድካሚ ነው፤ በአቅራቢያው ያለውን አደባባይና የጀልባ ማቆሚያ ስም ጽፋችሁ ያዙ።

ሳን ማርኮ ወይስ ካናሬጆ?

ከስድስቱ ጥንታዊ ሰፈሮች ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ሳን ማርኮ ሳይታይ አይታለፍም። ለእኛ ደግሞ ከሌላው ጎብኚ በተለየ የሚነካን ነገር አለው። የወንጌላዊው የቅዱስ ማርቆስ አፅም እ.ኤ.አ. በ828 በቬኒስ ነጋዴዎች እጅ ከእስክንድርያ ወጥቶ የመጣው ወደዚህ እንደሆነ ይነገራል፤ ባዚሊካውም የተሠራው ለእርሱ ነው። ጳጳሳትን ለዘመናት ከመንበረ ማርቆስ ስትቀበል ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ከዚያ መንበረ ታቦት ፊት መቆም ተራ ጉብኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ከአፅሙ የተወሰነው ክፍል ወደ ግብፅ ሲመለስ፣ በካይሮ በአዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ምረቃ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር።

ከአደባባዩ ሳትወጡ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን የመነኩሴውን የፍራ ማውሮን የዓለም ካርታ እዩ። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የተሣለ ነው፤ ደቡብን ከላይ ስለሚያደርግ ሀገራችን ከራስጌ ትታያለች። መነኩሴው ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከራሳቸው ከሀገሩ ሰዎች እንደሰማ በካርታው ላይ አስፍሯል፤ ዓባይንም «አባቪ» ብሎ ጽፎታል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮችን በገጸ በረከት ይዘው ቬኒስ ደርሰው ነበር። እኔ ካርታው ፊት የቆምኩት ከአንድ ሰዓት በላይ ነው።

ማደሩ ግን ሌላ ነው። በሳን ማርኮ የክፍሉም የምግቡም ዋጋ ከሌላው ሰፈር ይከብዳል፤ ቀን ከበር ወጥቶ መራመድም ያስቸግራል። አደባባዩ ከከተማዋ ዝቅተኛ ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ባሕሩ ሲሞላ ቀድሞ የሚረጥበው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 ጀምሮ የሚሠራው ሞዜ የተባለው የባሕር መከለያ እንደ ኅዳር 2019ኙ ያለውን፣ 187 ሴንቲ ሜትር የደረሰውን ጎርፍ ለመግታት የታሰበ ነው። ለትንንሹ ሙላት ሁሉ ግን አይነሣም። በመጸውና በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ይህን አስቡ።

ካናሬጆ የእኔ ምርጫ ነው። ከሚላኖ ማዕከላዊ ጣቢያ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚጓዘው ባቡር የሚቆምበት የሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ያለው እዚሁ ሰፈር ውስጥ ነው። ሻንጣ ይዞ ለመሄድም ከሌሎቹ ይቀላል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው የመታሰቢያ ዕቃ ሻጮች መንገድ ላይ ግን አትረፉ፤ ጫጫታው አያስተኛም። ወደ ሰሜን ገባ በሉ። ሚዘሪኮርዲያ በተባለው የቦይ ዳር መንገድ ነዋሪው አመሻሹ ላይ ይቀመጣል፤ በትንንሽ ሳህን የሚቀርበው ቺኬቲ የተባለው መክሰስ ከሳን ማርኮ ምሳ በእጅጉ ይረክሳል። ማዶና ዴሎርቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሠዓሊው ቲንቶሬቶ ተቀብሯል። አለፍ ሲል ጌቶ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1516 የከተማዋ አይሁድ በአንድ ደሴት እንዲኖሩ ተደርጎ፣ ሌሊት በር ይዘጋባቸው የነበረበት ቦታ ነው። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት «ጌቶ» የሚለው ቃል የወጣው ከዚህ ነው። ወደ ጎን መስፋት ስላልተፈቀደላቸው ቤቶቹ ወደ ላይ ተደራርበዋል፤ ቀና ብላችሁ መስኮቶቹ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ተመልከቱ። ከሰፈሩ ሰሜናዊ ዳርቻ ወደ ሙራኖና ወደ ቡራኖ ደሴቶች የሚሄዱ ጀልባዎች ይነሣሉ። ሳን ማርኮ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ጎህ ሲቀድ ተነሥታችሁ ብትሄዱ አደባባዩን ባዶውን ታገኙታላችሁ።

ዶርሶዱሮ ከካስቴሎ ጋር

ሥዕል የሚወድ ዶርሶዱሮን ይምረጥ። የአካዴሚያ ሙዚየም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1630 ከደረሰው ወረርሽኝ በኋላ በስለት የተሠራችው የሳሉቴ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ናት። ሳንታ ማርጌሪታ አደባባይ አጠገብ ያለ ክፍል ግን አትያዙ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እስከ እኩለ ሌሊት የሚያመሹበት ነው። ከዚያ ይልቅ ዛቴሬ የተባለው ወደ ደቡብ የሚያይ የውሃ ዳርቻ ፀሐይም ጸጥታም አለው።

ካስቴሎ ሁለት መልክ አለው። ምዕራቡ ለሳን ማርኮ ስለሚቀርብ በዋጋም በግርግርም እርሱኑ ይመስላል። ምሥራቁ፣ በጋሪባልዲ ጎዳና አካባቢ፣ ልብስ በገመድ የሚሰጣበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የነዋሪ ሰፈር ነው፤ በዛፍ የተሞላ መናፈሻም አለው። ጉድለቱ ርቀቱ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው በጀልባ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የቢየናሌ ዐውደ ርእይ በሚከፈትባቸው ወራት ዋጋው ይጨምራል። ልጆች ይዞ ለአራትና ለአምስት ቀን ለሚቆይ ሰው ግን ከካናሬጆም ሊሻል ይችላል።

ሳን ፖሎና ሳንታ ክሮቼ ጎረቤታሞች ናቸው። የመጀመሪያው የሪያልቶ ገበያ ስላለው ማለዳ ዓሣና አትክልት ገዝቶ ለሚያበስል ይመቻል፤ እሑድና ሰኞ ዓሣ የለም። ሁለተኛው ለአውቶቡስ መናኸሪያው ስለሚቀርብ ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ ላለበት ጥሩ ነው።

የጀልባውን ወጪ ከክፍሉ ዋጋ ጋር ደምሩት። ይህን ስጽፍ ቫፖሬቶ የተባለው የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ለ75 ደቂቃ 9.50 ዩሮ፣ ለ24 ሰዓት 25 ዩሮ፣ ለ72 ሰዓት 45 ዩሮ ነው። በካናሬጆ፣ በሳን ፖሎ ወይም በዶርሶዱሮ የሚያድር ብዙውን በእግሩ ስለሚሄድ የአንድ ቀን ትኬት ይበቃዋል፤ ያንንም ደሴቶቹን በሚያይበት ቀን ይግዛው። ምሥራቅ ካስቴሎ ወይም ጁዴካ ደሴት ለሚያርፍ ግን የ72 ሰዓቱ ያዋጣል። ጎንዶላ የተባለው በቀዘፋ የሚሄድ ቀጭን ጀልባ ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ነው፤ ዋጋው ለጀልባው እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው ስላልሆነ እስከ አምስት ሆናችሁ ተካፈሉት። ታላቁን ቦይ ብቻ ለመሻገር ትራጌቶ የተባለው ጎንዶላ 2 ዩሮ ይበቃዋል።

በዕድሜ የገፉ እናት ወይም አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በካናሬጆ፣ ሳን ማርኩዎላ ከተባለው የጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ፈልጉ። አሮጌ ቤቶች አሳንሰር የላቸውም፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚባለውም እዚያ ከምድር ቤቱ በላይ ተቆጥሮ ነው። እኔ እናቴን ይዤ ስሄድ የመረጥኩት የመጀመሪያ ፎቅ ነው። ማታ ማታ ከበሩ አጠገብ ካለው አደባባይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጀልባ ስታይ ታመሽ ነበር።